ደስ የሚለውን ቁጥር ፍሩ

የሙያ ጓደኞቼ፣ በዕድሜም በሥራም እኩዮቼ፤ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። እነርሱ መመሪያ አላቸው፣ አሠልጣኝ አላቸው፣ ሲሳሳቱም የሚያርማቸው አይጠፋም። የምጽፈው የኦዞን መለኪያ ጣቢያዎችን መረጃ ሲያጣሩ ፀጉራቸው ለሸበተ፣ “ይህ ይለፍ፣ ይህ ይውደቅ” ሲሉ “በምን ምክንያት?” ብሎ የሚጠይቃቸው ለሌለ ሰዎች ነው። አገር ቤት ላላችሁትም፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በየአየር ጥራት መሥሪያ ቤቱ ለተበተናችሁትም። በመካከላችን አንድ ክፉ ልማድ ሥር ሰዷል፤ ሳንናገረው ካለፍን ከኋላችን የሚመጡት የሙያው ሥርዐት ይመስላቸውና ይቀጥሉበታል።

ልማዱ ቁጥርን በመልኩ መፍረድ ነው። ከለመድነው ወጣ ያለውን “መሣሪያው ታሞ ነው” ብለን እንጥላለን፤ ከለመድነው ጋር የተስማማውን ሳንመረምር እናሳልፋለን። በሁለቱም ጊዜ ጣቢያው ድረስ የሄደ፣ የጣቢያውን መዝገብ የገለጠ፣ የአየር ማስገቢያውን ማጣሪያ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። የፈረደው ልምዳችን ብቻ ነው።

የአንታርክቲካውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሲነገር የምሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተዛብቶ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በሜይ 1985 ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሃሊ ቤይ ከሚባለው የአንታርክቲካ ጣቢያቸው በላይ ያለው ኦዞን ፀደይ በገባ ቁጥር እየሳሳ መሄዱን አስታወቁ። የኦክቶበር ወር አማካይ ቀድሞ በዶብሰን መለኪያ ወደ 300 ይደርስ ነበር፤ እነርሱ ሲጽፉ ወደ 200 ወርዷል። የናሳ ሳተላይት ኒምበስ 7 ደግሞ ከ1978 ጀምሮ በዚያው ሰማይ ላይ ይዞር ነበር። እንዴት ሳያየው ቀረ? የሚወራው መልስ “ኮምፒዩተሩ ዝቅተኛውን ቁጥር ስሕተት ነው ብሎ ጣለው” የሚል ነው።

ኮምፒዩተሩ አልጣለውም። ከ180 በታች ያነበበውን ሁሉ የጥርጣሬ ምልክት አደረገበት፤ ቁጥሩ ግን በመዝገቡ ውስጥ ቆየ። ምልክቶቹ በአንድ አካባቢና በአንድ ወቅት እየበዙ መምጣታቸውን መረጃውን የያዙት ሰዎች ራሳቸው አስተዋሉ። ለማረጋገጥም ደቡብ ዋልታ ላይ ከቆመው የምድር መሣሪያ ጋር አመሳከሩት። የምድሩ መሣሪያ 300 ገደማ ይል ነበር። ኋላ ሲጣራ የተሳሳተው ያ ዳኛ የተባለው መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው ይህን ክፍል ነው። ሳተላይቱ ትክክል ነበር፣ ምልክቱ ትክክለኛውን ቦታ አሳይቷል፣ ሰዎቹም በወጉ አመሳክረዋል፤ ማመሳከሪያውን የመረመረ ሰው ግን በጊዜው አልነበረም።

ፋርማንና ባልደረቦቹ ያደረጉትን ደግሞ ልብ በሉ። ቁጥሩ ሲወርድ መጀመሪያ የጠረጠሩት መሣሪያቸውን ነው፤ ያረጀውን በሌላ ዶብሰን መሣሪያ ተኩት። አዲሱም ያንኑ አለ። አርጀንታይን ደሴቶች ከሚባለው ከሌላው ጣቢያቸው መረጃ ጋር አስተያዩት። ከዚያ በኋላ ነው ብዕር ያነሡት። ጃፓናዊው ሽገሩ ቹባቺም በ1982 ስዮዋ ጣቢያ ላይ ዝቅተኛ ኦዞን ለክቶ በ1984 ግሪክ በተደረገ ጉባኤ ላይ አቅርቦ ነበር፤ በጊዜው የሚገባውን ያህል ጆሮ አላገኘም። ፋርማንና ባልደረቦቹ ቁጥሩን ከመክሰሳቸው በፊት መሣሪያውን ፈትሸዋል፤ ምንም ጉድለት ሲያጡበት ደግሞ ቁጥሩን ለማመን ደፍረዋል።

ያ የላይኛው ሰማይ ነው፣ የእኛ ሥራ ሰው ከሚተነፍሰው አየር ጋር ነው የሚል ካለ ወደ ዋዮሚንግ ልውሰደው። የምድር ኦዞን ከተሽከርካሪና ከፋብሪካ የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድና ተናኝ የካርቦን ውህዶች በፀሐይ ጉልበት ሲዋሐዱ የሚፈጠር የበጋ ከሰዓት በኋላ ነገር ነው ብለን ተምረናል፣ አስተምረናልም። በፌብሩዋሪ 2008 በላይኛው ግሪን ሪቨር ሸለቆ፣ በጋዝ ማውጫዎቹ አካባቢ፣ በረዶ መሬቱን ሸፍኖ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ድረስ በወረደባቸው ቀናት፣ ሌሊት ከ10 እስከ 30 ፒፒቢ የነበረው ኦዞን ከቀትር ጥቂት አልፎ ከ140 ፒፒቢ በላይ ወጣ። ገጠር ነው፣ ክረምት ነው፣ ብርድ ነው። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ስክሪን ለሚያይ አንጋፋ ይህ ቁጥር ምን ይመስለዋል? የመሣሪያ ብልሽት። ከመቅጽበት ይሰርዘዋል፤ ምክንያት በሚለው ቦታም “እንግዳ ንባብ” ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ብርዱ አየሩን መሬት ላይ አጥብቆ ይዞት፣ የጋዙ ብክለት በሥሩ ታምቆ፣ በረዶው የፀሐይዋን ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ ኦዞኑ በትክክል መፈጠሩ ነበር። ዛሬ ጉዳዩ በሰፊው ተጠንቶ ታውቋል። ሊታወቅ የቻለው ቁጥሩን በመልኩ ያልፈረዱበት ሰዎች ስለነበሩ ነው።

“እንግዳ ንባብ” ምክንያት አይደለም። ይህን በኃይል መናገር እወዳለሁ። አንድ ሰዓት ከመዝገብ የሚወጣው በጣቢያው ውስጥ የተገኘ ነገር ሲመሰክርበት ነው፤ መብራት ተቋርጦ፣ ፓምፑ ደክሞ፣ ቱቦው ተላቆ፣ ፍተሻው ወድቆ። ምስክር ከሌለ ምልክት ይደረግበትና ይቆይ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ያልተለመደውን መጣል ቢያንስ ዱካ ይተዋል፤ ባዶ ሰዓት ይታያል፣ ጠያቂ ይነሣል። ደስ የሚለው ቁጥር ግን ዱካ የለውም።

መሣሪያችን እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ነገሩን ለማስረገጥ ያህል ልድገመው። የሜርኩሪ አምፖል 254 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር ይለቃል፤ ኦዞን ይህን ጨረር ይመጥጣል። መሣሪያው አንድ ጊዜ የውጪውን አየር፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ አየር ኦዞኑን በሚያጠፋ ስክረበር አሳልፎ ያያል፤ የሁለቱ ልዩነት ኦዞን ነው። እንግዲህ ስክረበሩ ሲደክም ምን ይሆናል? “ኦዞን የለበትም” በተባለው አየር ውስጥ ኦዞን ይቀራል፣ ልዩነቱ ይጠባል፣ ንባቡ ይወርዳል። የማስገቢያው ማጣሪያ በአቧራ ሲጠቁር ኦዞኑ መሣሪያው ጋ ሳይደርስ እዚያው ላይ ይጠፋል፤ ንባቡ ይወርዳል። የቴፍሎኑ ቱቦ ውስጥ እርጥበት ወይም ነፍሳት ሲገቡ፣ ንባቡ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ሲላላና መሣሪያው የጣቢያውን የቤት ውስጥ አየር ሲስብ፣ ንባቡ ይወርዳል። በሐሰት ከፍ የሚያደርጉትም አሉ፤ የሜርኩሪ ተን፣ አንዳንድ የቀለምና የማሟሟቻ ተኖች፣ ድንገት የተለወጠ እርጥበት። እነዚህ ግን ቶሎ ይነቃባቸዋል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። የሚያወርዱት ናቸው የሚበዙት፤ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፤ ሁሉም የሚናገሩት አንድ መልካም ዜና ነው፣ አየራችሁ እየጠራ ነው የሚል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው።

ፍተሻ አለን ትላላችሁ። በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ከ5 እስከ 80 ፒፒቢ ባለው ክልል ውስጥ የታወቀ ኦዞን ለመሣሪያው ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከ7 በመቶ ካለፈ (ዝቅ ባለው ክልል ከ1.5 ፒፒቢ ካለፈ) እስከ መጨረሻው ያለፈ ፍተሻ ድረስ ያለው መረጃ ይወድቃል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱንም በእጃችን የከፈትናቸው እኛው ነን።

አንደኛው፣ የፍተሻው ኦዞን በየት በኩል ይገባል? የውጪው አየር በሚያልፍበት ማጣሪያና ቱቦ በሙሉ ማለፍ ነበረበት። በሥራ ብዛት፣ በቦታ አለመመቸት፣ ወይም “ሁልጊዜም እንዲህ ነው” በሚል ከመሣሪያው ጀርባ በአጭር ቱቦ ሲሰጥ ስንት ጣቢያ አይተናል? እንዲህ ያለ ፍተሻ መሣሪያውን ብቻ ይፈትሻል። ማጣሪያው ቢጠቁር፣ ከጣሪያው የሚወርደው ቱቦ ቢቆሽሽ፣ ፍተሻው ዓመቱን ሙሉ ያልፋል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ሕዝቡ የሚተነፍሰው ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ሁለተኛው፣ ውጤቱን አንድ በአንድ “አለፈ፣ አለፈ” እያልን ማየታችን ነው። ከዜሮ በታች 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6 በመቶ ያለ መሣሪያ አንድም ጊዜ አልወደቀም። አራቱን በአንድ ገጽ አሰልፎ ለሚያያቸው ሰው ግን መሣሪያው ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሮ እርዳታ ሲጠይቅ ቆይቷል። እባካችሁ የፍተሻውን ተከታታይ ሥዕል ሳታዩ ፊርማችሁን አታኑሩ። ከሰዓት በኋላ አየሩ በደንብ በሚቀላቀልበት ሰዓት አጎራባች ጣቢያዎችን አስተያዩ፤ ሌሊቱን ለዚህ አትመኑት፣ ከመንገድ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ በየሠፈሩ ኦዞኑን በተለያየ መጠን ይበላዋልና።

ይህ ሁሉ ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ የደንቡ አሠራር ይነግራችኋል። በአሜሪካ አንድ ከተማ ደረጃውን ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም የሚባለው በየዓመቱ ከቀናቱ ሁሉ አራተኛው ከፍተኛ የስምንት ሰዓት አማካይ ተወስዶ፣ የሦስት ዓመቱ ሲደመርና ሲካፈል ከ70 ፒፒቢ አለመብለጡ ታይቶ ነው። ትርፍራፊው ይቆረጣል፤ 70.9 የመጣ 70 ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ የሚሊዮኖች ዕጣ በዓመት ውስጥ በጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ላይ ይንጠለጠላል። ከእነዚያ ውስጥ አንዱን ቀን ብትጥሉ አምስተኛው አራተኛ ይሆናል። አስም ያለበት ልጅ በዚያ ቀን የተነፈሰው ግን አልተለወጠም።

አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የዓመቱ መረጃ ሲጸድቅ በጉባኤው ላይ ነበርሁ። ከፍተኛዎቹ ቀናት አንድ በአንድ ተነሡ፤ “እስቲ ይህን ድጋሚ እዩት፣ የዚያን ዕለት የክፍሉ ሙቀት እንዴት ነበር? ማጣሪያው መቼ ተቀየረ?” ተባለ። ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው፤ ማንም ሐሰት አልተናገረም። ግን የዝቅተኛዎቹን ቀናት ሙቀት የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኩዮቼ፣ የማስጠነቅቃችሁ ዋና ነገር ይኸው ነው። በየትኛውም ጣቢያ፣ በየትኛውም ቀን፣ አጥብቆ ለፈለገ ትንሽ ጉድለት አይታጣም። በከፍተኛዎቹ ቀናት ላይ ብቻ ከፈለግን በከፍተኛዎቹ ላይ ብቻ እናገኛለን፤ እያንዳንዱ ስረዛ በደንቡ መሠረት ይሆናል፤ ድምሩ ግን ውሸት ይሆናል። በዚህ ዐይነቱ ሐሰት ማንንም በሕግ መክሰስ አይቻልም፤ በዚህም ምክንያት ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው። ከፍተኛውን ቀን የምትመረምሩበትን ጥያቄ ሁሉ፣ በዕጣ ለወጣ ተራ ቀንም ጠይቁት። ለሁለቱም እኩል ጊዜ ከሌላችሁ ለሁለቱም አትጠይቁ።

ስለ ማመሳከሪያው ጥቂት ልጨምር። የጣቢያው መሣሪያ በተንቀሳቃሽ መለኪያ ይፈተሻል፣ ተንቀሳቃሹ በክልሉ መለኪያ፣ የክልሉ ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም በተሠራው ዋና ፎቶሜትር። ከላይ ያለው ከተሳሳተ ከታች ያሉት ሁሉ ተስማምተው ይሳሳታሉ፤ መስማማታቸውም ያታልላል። በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንዱን አየር እየለኩ የተለያየ ኦዞን ያወጡ ነበር፤ መሣሪያዎቻቸውን የሚያስተካክሉበት የፖታሲየም አዮዳይድ አሠራር የተለያየ ስለነበር። በመጨረሻ ወደ አልትራቫዮሌት ፎቶሜትር ተዞረ። የዚያ ፎቶሜትር መሠረት የሆነው ኦዞን ጨረሩን የሚመጥጥበት መጠን ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ሳይነካ ቆይቶ፣ በቅርቡ በዓለም አቀፍ ስምምነት 1.2 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። አዲሱ ቁጥር ከ2025 ጀምሮ በየአገሩ እየገባ ነው። ውጤቱ አየሩ ሳይለወጥ ንባቡ 1.2 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱ ነው፤ በ70 ፒፒቢ ላይ አንድ ፒፒቢ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። እያንዳንዱ ጣቢያ በየትኛው ቀን እንደተለወጠ በመዝገቡ ላይ ካልተጻፈ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ብክለት ጨመረ ብሎ ይጽፋል። ቀኑን ያስጻፋችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩት በተለይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ በጀርመኑ የካርልስሩኸ ተቋም ትብብር የላይኛውን ኦዞን በኢንፍራሬድ ሲለካ ከሳተላይት ጋር አስተያይቷል፤ ይህ ጥንቃቄ ወደ ምድሩ ኦዞንም ይውረድ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። የመሣሪያው የግፊት ሴንሰር ቢበላሽ፣ ወይም ከፋብሪካ ሲመጣ በባሕር ወለል ግፊት ላይ ተቀምጦ ቢቀር፣ 60 ፒፒቢ የሆነውን 45 ይለዋል። ፍጹም ለስላሳ፣ ፍጹም የሚታመን፣ ቀትር ላይ የሚወጣ ሌሊት የሚወርድ ቆንጆ ሥዕል ይሰጣችኋል። ማንም አይጠረጥረውም። ከዓለም ጤና ድርጅት የ100 ማይክሮግራም ወሰን ጋር ስታነጻጽሩም ቁጥራችሁ በየትኛው ግፊትና ሙቀት እንደተሰላ አስቀድማችሁ ጻፉ።

በርካሽ የሚገዙት ትንንሽ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰሮች ኦዞንን ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ለይተው አያውቁም፤ በናፍጣ ጭስ በታፈነ አደባባይ ላይ ሰቅሎ “ይህ ኦዞን ነው” ማለት አይቻልም፣ አጠገቡ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን የሚለካ ካልቆመ በቀር። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። አንዱ መሣሪያ በግሪንዊች፣ አንዱ በአገራችን የሰዓት ክልል፣ ቴክኒሻኑ በደብተሩ ላይ ደግሞ በሀበሻ አቆጣጠር ሲጽፍ “8 ሰዓት ላይ ማጣሪያ ተቀየረ” የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ጊዜዎችን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ምክንያት መሰረዝ የነበረበት ሰዓት ሳይነካ ቀርቶ ደህናው ሰዓት ይሰረዛል።

በመጨረሻ ስለ ደብተሮቹ። ፓሪስ በሚገኘው ሞንሱሪ ታዛቢ ጣቢያ ከ1876 እስከ 1910 ድረስ በአርሰናይት ዘዴ ኦዞን ተለክቷል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፎልትስና ክላይ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ያንን ዘዴ እንደገና ሠርተው ፈተሹት፤ ከከተማው በሚመጣው ንፋስ ጊዜ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ንባቡን እንደሚያዛባ ደርሰውበት በ1988 የታረመውን መዝገብ አወጡ። የዛሬው ኦዞን ከዚያን ጊዜው ምን ያህል እንደሚበልጥ ለመናገር ከተያዙት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ይህን ማድረግ የቻሉት የጥንቶቹ ሰዎች ዘዴያቸውን፣ ንፋሱንና ጥሬውን ንባብ ጽፈው ስላኖሩ ነው። እኛ ያጸደቅነውን አማካይ ብቻ አኑረን ጥሬውን ብናጠፋ ስሕተታችንን ማንም ሊያርምልን አይችልም።

ብዙዎቻችን ጡረታ ደርሰናል፤ አንዳንዶቻችንም ወጥተናል። በየቤታችሁ፣ በየቢሮው ቁም ሣጥን ሥር የድሮ የጣቢያ ደብተሮች፣ የካሊብሬሽን ወረቀቶች፣ በእጅ የተጻፉ ማስታወሻዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አዲሱ ኃላፊ ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚጥለው እነርሱን ነው። ከመውጣታችሁ በፊት በስማችሁ የተሰረዙትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ምክንያቱ “እንግዳ ንባብ” ብቻ የሆነውን ሁሉ ወደ ተጠርጣሪነት መልሱትና እውነተኛውን ምክንያት የምታስታውሱ ከሆነ አሁኑኑ ጻፉበት። ደብተሮቹንም በፊርማ ለተተኪው አስረክቡ፤ ተተኪ ካልተመደበ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጧቸው።